መጨረሻውን ሁሉም የሚያውቀው ድራማ

ሰው ጨረቃ ላይ እንደወጣ የማይሰማ ተመልካች የለም። መጀመሪያ የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ መሆኑንም ያውቃል። በሰላም መመለሳቸውንም ያውቃል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ቴሌቪዥን ፊት አስራ ሁለት ሰዓት አስቀምጦ «ቀጥሎስ?» እንዲል ማድረግ ቀልድ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቶም ሃንክስና ባልደረቦቹ በገዛ እጃቸው የገቡበት ጣጣ ይኼ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከአንድ ፊልም ይጀምራል። በ1995 ሮን ሃዋርድ «አፖሎ 13»ን ሠራ። ሃንክስ የበረራውን አዛዥ ጂም ሎቭልን ሆኖ ተጫወተ። ፊልሙ ተወደደ፣ ገንዘብም አመጣ። ሃንክስ የጠፈር ነገር ሲነሳ የማይጠግብ ሰው ነው፤ አንድ በረራ ተርኮ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነለትም። ከሃዋርድ፣ ከብራያን ግሬዘርና ከማይክል ቦስቲክ ጋር ሆኖ የአፖሎን ፕሮግራም ከነሙሉው ይዞ ኤች ቢ ኦ ጋ ሄደ። ጣቢያው 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መደበለት። ለዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ይህ ጆሮ የሚያስቆም ገንዘብ ነው። ታሪኩ በአብዛኛው አንድሩ ቼይኪን በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ቆመ። ውጤቱ «ፍሮም ዘ ኧርዝ ቱ ዘ ሙን» የተባለው ባለ 12 ክፍል ድራማ ነው፤ ከኤፕሪል 5 እስከ ሜይ 10 ቀን 1998 በየእሁዱ ሁለት ሁለት ክፍል እየሆነ ታየ።

እዚህ የማየው አንድ ነገር ነው። መጨረሻው የታወቀን ታሪክ፣ ያውም ምርጡን ቁራጭ ራሳቸው ከሦስት ዓመት በፊት የሸጡትን ታሪክ፣ እንዴት አድርገው እንደገና አዩት?

የመደጋገም አደጋ

ከኦክቶበር 1968 እስከ ዲሴምበር 1972 ባለው ጊዜ ሰው የጫኑ 11 የአፖሎ በረራዎች ተደርገዋል። ስድስቱ ጨረቃ ላይ አርፈዋል። አስራ ሁለት ሰዎች ተራምደዋል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው በረራዎቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ሮኬቱ ይነሳል፣ ሦስት ቀን ገደማ ይጓዛል፣ ያርፋሉ፣ ይዘላሉ፣ ድንጋይ ይለቅማሉ፣ ይመለሳሉ፣ ፓራሹቱ ይዘረጋል፣ ባሕር ላይ ዱብ። እንደገና ከላይ ጀምር።

ይህን መሰልቸት ደግሞ የፈጠሩት ጸሐፊዎች አይደሉም። በጊዜው የነበረው ሕዝብም ሰልችቶታል። በኤፕሪል 1970 የአፖሎ 13 ጠፈርተኞች ከመንኮራኩራቸው ሆነው የቴሌቪዥን ስርጭት አዘጋጁ። ትልልቆቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች በቀጥታ አላስተላለፉትም። ስርጭቱ ካለቀ ደቂቃዎች ሳይቆይ የኦክስጅን ታንኩ ፈነዳ። ያኔ ሁሉም ካሜራውን ተሸክሞ መጣ። በዚያው ዓመት ናሳ የመጨረሻዎቹን የታቀዱ በረራዎች ሰርዞ ነበር። አርምስትሮንግ ከረገጠ ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ድራማው የሚፈራው ነገርና አፖሎን የጎዳው ነገር አንድ ናቸው ማለት ነው። ይህን ያስተዋሉት ይመስለኛል። በኋላ እንደምናየው አንድ ሙሉ ክፍል ለዚሁ ሰጥተውታል።

ውሳኔው

የወሰኑት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። በየክፍሉ የሚያየውን ሰው ቀየሩ። ዳይሬክተሩም በየክፍሉ ማለት ይቻላል ይቀየራል። ሃንክስ የመጀመሪያውን ክፍል ራሱ ዳይሬክት አደረገ፣ ከዚያ ከአንዱ በቀር በሁሉም ክፍል መግቢያ ላይ ካሜራ ፊት ቆሞ ያስተዋውቃል። ሎቭልን ግን ደግሞ አልተጫወተም። ለቲም ዳሊ ሰጠው። ብልህ ሥራ ነው፤ የሃንክስ ፊት እዚያ ልብስ ውስጥ እንደገና ቢታይ ተመልካቹ ሙሉ ሰዓቱን ከፊልሙ ጋር ሲያወዳድር ያልቅ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል የ1967ቱ እሳት ነው። ጃንዋሪ 27 ቀን ሦስት ጠፈርተኞች፣ ግሪሶም፣ ኋይትና ቻፊ፣ መሬት ላይ በልምምድ ላይ ሳሉ በተነሳ እሳት ሞቱ። ክፍሉ ግን ከሟቾቹ ይልቅ በምርመራው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ይከተላል፤ ጥፋቱ የማን ነው፣ ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል። ሦስተኛው አፖሎ 7ን ዶክመንተሪ በሚቀርጹ ሰዎች ካሜራ ያሳያል። አራተኛው የ1968ን ዓመት ይዟል። ያ ዓመት ለአሜሪካ የመከራ ዓመት ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ ተገደሉ፣ ቬትናም ትነዳለች፣ ከተሞች ይቃጠላሉ፤ በገና ሰሞን ደግሞ ሦስት ሰዎች በአፖሎ 8 ጨረቃን ዞሩ።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ የሚባል ሥራ ነው። ዘዴው አጥንቱ የሚታየው አምስተኛው ላይ ነው።

ጠፈርተኛ እንደ እንግዳ

አምስተኛው ክፍል «ስፓይደር» ይባላል፤ ሸረሪት ማለት ነው። ባለታሪኮቹ ጠፈርተኞች አይደሉም። በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ቤዝፔጅ በሚባል ቦታ፣ ግሩማን ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩ ሸሚዝና ክራቫት የለበሱ መሐንዲሶች ናቸው። መሪያቸው ቶም ኬሊ ነው። ሥራቸው ጨረቃ ላይ የምታርፈውን መንኮራኩር መሥራት።

ከኬሊ በፊት ግን ጆን ሁቦልት አለ። ናሳ መጀመሪያ ያሰበው ትልቅ መንኮራኩር ከነኮተቱ ጨረቃ ላይ ማሳረፍ ነበር። ሁቦልት «አይሆንም» አለ። ትልቁ ጨረቃን እየዞረ ይቆይ፣ ትንሽ ማረፊያ ብቻ ትውረድ፣ ስትመለስ እዚያው ላይ ይገናኙ። ሃሳቡ ያኔ እብደት መሰለ። ምክንያቱም በ1961 ሁለት መንኮራኩር በምድር ዙሪያ እንኳ ተገናኝቶ አያውቅም፤ እሱ ደግሞ 380 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ይገናኙ ይላል። ማንም አልሰማው ሲል በኖቬምበር 1961 የቅርብ አለቆቹን ዘሎ ለናሳው ከፍተኛ ኃላፊ ለሮበርት ሲማንስ ደብዳቤ ጻፈ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። በቀጣዩ ዓመት ናሳ በሁቦልት ሃሳብ ተስማማ።

ከዚያ የኬሊ ልጆች ከኪሎ ጋር መጣላት ጀመሩ። የማረፊያዋ ነገር ሁሉ ክብደት ነው። የመጀመሪያው ንድፍ እንደ ሄሊኮፕተር ሰፊ መስታወት ነበረው፣ መቀመጫም ነበረው። መስታወት ከባድ ነው። ትንሽ ይሁን ቢባል ደግሞ ተቀምጦ ያለ ሰው በትንሽ መስኮት ወደ ታች ማየት አይችልም። ታዲያ መፍትሔው ምን ሆነ? ወንበሩን አውጥቶ መጣል። ጠፈርተኞቹ ቆመው ይንዱ። ስበቱ የምድር አንድ ስድስተኛ በሆነበት ቦታ መቆም አያደክምም። የቆመ ሰው አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ማስጠጋት ይችላል። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን መስኮት በቂ ሆነ። ወንበሩም ሄደ፣ መስታወቱም ቀነሰ፣ እይታውም ተሻለ። የማረፊያዋ ግድግዳ በአንዳንድ ቦታ እስከ ሦስት አስረኛ ሚሊ ሜትር ድረስ ሳሳ።

አንድ ሰዓት ድራማ ስለ ወንበር። ሲባል ያስቃል፤ ሲታይ ግን ልብ ይሰቅላል። ተመልካቹ አርምስትሮንግ እንደሚያርፍ ያውቃል፣ ማረፊያዋ ለምን ቆመው የሚነዷት እንደሆነች ግን አያውቅም። «ቀጥሎስ?» የሚለው ጥያቄ ከጨረቃ ወደ ንድፍ ጠረጴዛው ዞረ። ጠፈርተኞቹ ፋብሪካው ሲመጡ እንደ እንግዳ ነው የሚታዩት። ልክ እኛ ቤት የተሠራውን ሊያይ እንደመጣ ዘመድ፣ ሠራተኞቹ ፊታቸውን እያዩ «ወደዱት ይሆን?» ይላሉ።

መጨረሻው አፖሎ 9 ነው፣ ማርች 1969። ማረፊያዋ ሰው ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረችው በዚህ በረራ ነው፣ ምድርን እየዞረች። ማክዲቪትና ሽዋይካርት እሷ ውስጥ ሆነው ከዋናዋ መንኮራኩር ተለያዩ፤ ከ6 ሰዓት በላይም ለብቻቸው በረሩ። ማረፊያዋ ምድር የምትመለስበት የሙቀት መከላከያ የላትም። ተመልሰው ካልተገናኙ የሚያድናቸው ነገር የለም። ብዙ ሰው አፖሎ 9ን ጭራሽ አያስታውስም። የማያስታውሰው ነገር መሆኑ ነው የጠቀማቸው፣ መጨረሻውን የማያውቀው እውነተኛ በረራ አገኙ።

ዋና ጀግናው ስቱዲዮ የቀረበት ክፍል

ስምንተኛው ክፍል የአፖሎ 13 ነው። እዚህ ነው ጉዳዩ የጠበበው። ፊልሙ ሁሉን ነገር አሳይቷል፤ ፍንዳታውን፣ ብርዱን፣ በቴፕና በፕላስቲክ የተሠራውን የአየር ማጣሪያ። ምን ይቀራል?

ካሜራውን መሬት ላይ ተዉት። ክፍሉ የሚካሄደው ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ነው። ኤሜት ሲቦርን የሚባል አንጋፋ ዜና አንባቢ አለ፤ ሌን ስሚዝ ነው የሚጫወተው። ሲቦርን ልብ ወለድ ሰው ነው። በዘመኑ የጠፈርን ዜና ይዘው የነበሩትን የአሜሪካ ቴሌቪዥን አንጋፋዎች ይመስላል። ሮኬቱን ከነዝርዝሩ ያውቀዋል፣ ለሕዝብ በትዕግሥት ያስረዳል። ጄይ ሞር የሚጫወተው ወጣት ጋዜጠኛ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው። የጠፈርተኞቹ ሚስቶች ምን ተሰማቸው? ማን አለቀሰ? ቤታቸው ደጅ ላይ ካሜራ ይተከል። ጣቢያው ቀስ በቀስ ወደ ወጣቱ ያዘነብላል።

ይህ ክፍል የሚሠራው ሲቦርን አዲስ ሰው ስላልሆነ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ክፍሎች ከዜና ጠረጴዛው ጀርባ ስናየው ቆይተናል። ድምፁን ለምደነዋል። ሲገፋ ቅር የሚለን ለዚያ ነው። በሌላ አነጋገር ሰባት ክፍል ሙሉ ሳናውቀው ሲያዘጋጁን ነበር፤ ይህን ማድረግ የሚቻለው ደግሞ በተከታታይ ድራማ ብቻ ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም አቅም የለውም።

ቅሬታ አለኝ። ወጣቱን ጋዜጠኛ ከልክ በላይ አክፍተውታል። ሰው የሚስቶቹን ጭንቀት ማወቅ መፈለጉ ኃጢአት አይደለም። እነሱ ራሳቸው ከሦስት ክፍል በኋላ የሚስቶቹን ታሪክ ሊያሳዩን ነው እኮ! ሽማግሌው ሁልጊዜ ልክ፣ ወጣቱ ሁልጊዜ ጅብ ሲሆን ክርክሩ ይቀልላል። ግን ሃሳቡ፣ «ይህን አሳይተናል፣ እንግዲያው ያሳዩትን ሰዎች እናሳይ» የሚለው፣ ከሁሉም ክፍል የደፈረው እሱ ነው።

ፊኛ የታሰረበት ጠፈርተኛ

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ልበል፤ አሠራሩ ላይ።

የድራማው አብዛኛው ክፍል የተቀረጸው ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ፣ ዲዝኒ ስቱዲዮ ግቢ ውስጥ ነው። ጨረቃ ግን ስቱዲዮ ውስጥ አልገባችም። ካሊፎርኒያ ተስተን ውስጥ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ሰፈር ነበረ። እዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠሩ ሁለት ግዙፍ የእንጨት ሃንጋሮች ነበሩ። ርዝመታቸው ከ300 ሜትር ይበልጣል። ጣሪያቸው የብዙ ፎቅ ሕንፃ ያህል ከፍ ይላል። የተሠሩት በሂሊየም ለሚንሳፈፉ የባሕር ቅኝት አየር መርከቦች ነው። ቦታው ውስጥ አፈርና ድንጋይ ተነጠፈ፣ ጨረቃ ሆነ።

ችግሩ አካሄዱ ነው። ጨረቃ ላይ ሰው አይራመድም፣ ይነጥራል። ተዋናይን በገመድ ብታንጠለጥለው መጎተቱ ያስታውቃል። ቀረጻውን ብታዘገየው ደግሞ እጁም ጣቱም አብሮ ይዘገያል፤ እውነተኛዎቹ ጠፈርተኞች እጃቸውን በመደበኛ ፍጥነት ነው የሚያንቀሳቅሱት። እነሱ ያገኙት መፍትሔ በሂሊየም የተሞላ የአየር ሁኔታ መመርመሪያ ፊኛ ተዋናዩ ጀርባ ላይ ማሰር ነው። ፊኛው ከፍሬሙ በላይ ይቀራል። ተዋናዩ ክብደቱ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል።

ምን ያህል ፊኛ? ግምቴን ልሥራው። ተዋናዩ ከነልብሱና ከነጀርባው ሳጥን 90 ኪሎ ነው እንበል። ጨረቃ ላይ 15 ኪሎ ብቻ ሊከብደው ይገባል። ስለዚህ 75 ኪሎውን ፊኛው መሸከም አለበት። አንድ ሜትር ኩብ ሂሊየም የሚያነሳው 1 ኪሎ ገደማ ነው። 75 ሜትር ኩብ ማለት ወርዱ ከ5 ሜትር በላይ የሆነ ኳስ ነው፣ የራሱ የፊኛው ክብደት ሳይታሰብ። ለሁለት ጠፈርተኛ ሁለት እንደዚህ ያለ ኳስ። ጎን ለጎን ሲሮጡ እንዳይጋጩ፣ ጣሪያ እንዳይነኩ። ለምን ሃንጋር እንዳስፈለገ አሁን ገባችሁ? ለሂሊየም አየር መርከብ የተሠራ ቤት ውስጥ ሌላ ሂሊየም መግባቱ ደግሞ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

ዘዴው ፍጹም አይደለም። ፊኛ ሰውየውን ያቀላል እንጂ አቧራውን አያቀልም። ጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ በጫማ የተገፋ አቧራ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ቅስት ሠርቶ ይወድቃል። ሃንጋሩ ውስጥ አየር ስላለ ብናኙ ይንሳፈፋል። አስተውሎ ያየ ሰው ይይዘዋል። ግን ትከሻው፣ ጉልበቱ፣ ቆም ሲል ወደፊት ሸርተት የሚለው ነገር፣ ያ ትክክል ነው። ከሁለቱ ሃንጋሮች አንዱ በኖቬምበር 2023 ተቃጥሎ ወድሟል።

ድንጋይ የሚያነቡ ሰዎች

አስረኛው ክፍል የእኔ ምርጫ ነው። አፖሎ 15፣ ከጁላይ እስከ ኦገስት 1971። ዴቭ ስኮት፣ ጂም ኧርዊንና አል ዎርደን።

ጠፈርተኞች የጦር አብራሪዎች ናቸው። ለእነሱ ድንጋይ ድንጋይ ነው። የመጀመሪያዎቹ የጂኦሎጂ ትምህርቶች አሰልቺ የክፍል ውስጥ ንግግሮች ነበሩ። ከዚያ ጂኦሎጂስቱ ጠፈርተኛ ሃሪሰን ሽሚት የካልቴክ ፕሮፌሰር ሊ ሲልቨርን አመጣ። ሲልቨር ወደ በረሃ ወሰዳቸው። እንደዚህ አደረጋቸው፦ እናንተ ተራራውን እያያችሁ በራዲዮ ንገሩኝ፤ ሌላው ተራራውን የማያይ ሰው ከንግግራችሁ ካርታ ይሥል። መጀመሪያ «ግራጫ ድንጋይ አለ» ይላሉ። «ምን ዓይነት ግራጫ? ጠርዙ የተሰበረ ነው የተለሰለሰ? ከሥሩ ካለው ጋር አንድ ነው?» ቀስ በቀስ ዓይናቸው ይከፈታል። ድራማው ይህን ሲያሳይ ስለ ጨረቃ ብዙም አይናገርም፤ ስለ መማር ነው። ያደገ፣ የተከበረ፣ ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው አዲስ ነገር ሲገባው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን።

ዎርደን ደግሞ ላይ ሆኖ ጨረቃን ለብቻው የሚዞረው ሰው ነው። የእሱ አስተማሪ ግብፃዊው ፋሩቅ ኤል-ባዝ ነው፤ ዛጋዚግ የተወለደ፣ ናሳ ውስጥ «ንጉሡ» ይሉት የነበረ። ከምሕዋር ሆኖ ምን ማየት እንዳለበት ያስተማረው እሱ ነው። ድራማው ውስጥ አለ። ስለ አፖሎ በሚነገሩ ታሪኮች ውስጥ የአፍሪካ ልጅ ከስሙ ጋር ሲጠራ ብዙ አያጋጥምም፣ እዚህ ግን አልረሱትም።

ጨረቃ ላይ ስኮትና ኧርዊን ስፐር በሚባል ጉድጓድ አፋፍ አንዲት ነጭ ድንጋይ አገኙ። ሌላ አቧራማ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ነበር፤ እንደ ተቀመጠ ዕቃ። ሩብ ኪሎ ትንሽ አለፍ ብትል ነው። ያዩትን ወዲያው አወቁት፤ ከጨረቃ የጥንቱ ቅርፊት የተረፈ ቁራጭ፣ ዕድሜው ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ። ጋዜጦች «የኦሪት ዘፍጥረት ድንጋይ» አሏት። ድራማው ወደዚህች ድንጋይ ሲደርስ ተመልካቹ ራሱ ትንሽ ጂኦሎጂስት ሆኗል። ገና ካሜራው ሲጠጋ «ያቻት!» ይላል። ይህን ማምጣት የቻለ ፕሮዳክሽን ሌላ አላየሁም።

በነገራችን ላይ ስኮት ሌላም ድንጋይ አለችው። ጊዜ አልቋል፣ ከምድር «ቀጥሉ» እየተባለ ነው፣ መንገድ ዳር ቀዳዳ የሞላበት ጥቁር ድንጋይ አየ። የመኪናውን ቀበቶ አስተካክላለሁ ብሎ አቆመ፣ ወረደ፣ አነሳት። ዛሬም «የቀበቶዋ ድንጋይ» ትባላለች። አለቃ የሚያታልል ሰው ጨረቃ ላይም አለ።

የክፍሉ ርዕስ የመጣው ግን ከመዶሻና ከጭልፊት ላባ ነው። ስኮት ሁለቱን እኩል ለቀቃቸው፣ እኩል መሬት ደረሱ። «ጋሊሊዮ ልክ ነበር»፤ ርዕሱ ይኸው ነው።

ሳቅ የገባበት

ሰባተኛውን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። አፖሎ 12፣ ኖቬምበር 1969። ተራኪው አል ቢን ነው፤ ኮሜዲያኑ ዴቭ ፎሊ ይጫወተዋል። ሮኬቱ ተነስቶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ሁለት ጊዜ መብረቅ መታው። የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ በሙሉ በሩ። ሂዩስተን የበረራ መቆጣጠሪያ ውስጥ የነበረው ወጣቱ ጆን አሮን አንድ ማብሪያ እንዲቀየር ነገራቸው፤ ማንም የት እንዳለ አያውቅም፣ ቢን ያውቃል። በረራው ዳነ። ይኸው ቢን በኋላ ጨረቃ ላይ ካሜራውን ወደ ፀሐይ አዙሮ አቃጥሎ ስርጭቱን አጠፋው።

ሦስቱ የአፖሎ 12 ጠፈርተኞች ጓደኛሞች ነበሩ፣ እውነተኛ ጓደኛሞች። ቢንና ፒት ኮንራድ ሁለቱም አንድ ላይ የሚታዩበት ፎቶ ለማንሳት ሰዓት ያለው የካሜራ መሣሪያ ደብቀው ይዘው ሄዱ። ሕዝቡ «ታዲያ ማን አነሳቸው?» ይላል ብለው ነው። ጨረቃ ላይ መሣሪያው ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይና አቧራ መሃል ጠፋ። ያገኙት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ያልተሳካው

ዘዴው ሁልጊዜ አልሠራም። የመጀመሪያው ክፍል የታመቀ ነው። ከመጀመሪያው አሜሪካዊ ጠፈርተኛ ከሼፓርድ የ15 ደቂቃ በረራ በ1961 እስከ ጄሚኒ፣ ከአፖሎ በፊት የነበረው ፕሮግራም፣ መጨረሻ በ1966፣ አምስት ዓመት በአንድ ሰዓት። አስር የጄሚኒ በረራዎች እየሮጡ ያልፋሉ። የሚያየው ሰው አልተመረጠም፣ ሁሉም ያያል፣ ስለዚህ ማንም አያይም።

ትልቁ ድክመት አስራ አንደኛው ነው፣ የሚስቶቹ ክፍል። ዳይሬክተሯ ሳሊ ፊልድ ናት። ለብቻው ሲታይ ጥሩ ሥራ ነው። የፍራንክ ቦርማን ሚስት የሱዛን ጭንቀትና መጠጥ፣ የእሳቱ መበለቶች፣ ፈገግ በሉ የሚል የማይጻፍ ሕግ። ግን ለምን አንድ ቦታ? እነዚህ ሴቶች በአስራ አንዱም በረራ ወቅት ቤት ነበሩ። አስር ክፍል ሙሉ በር ከፍተው ባል የሚሸኙ ጥላዎች ሆነው፣ ከዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ «እኛም ነበርን» እንዲሉ ተደረገ። ሱዛን ቦርማን በአራተኛው ክፍል ባሏ ጨረቃን ሲዞር እኩል ጊዜ ቢሰጣት ኖሮ ያ ክፍል ምን ይሆን እንደነበር አስቡት።

ይኸው ክፍል አፖሎ 16ንም አብሮ ተሸክሟል። ያንግ፣ ማቲንግሊና ዱክ ከሚስቶቹ ታሪክ ጎን ተጣበው ያልፋሉ። ዱክና ያንግ ጨረቃ ላይ ሦስት ቀን የቆዩ ሰዎች ናቸው። ከመሬቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ወርዳ የተመለሰችው አፖሎ 10ም የራሷ ክፍል የላትም። የሚስቶቹ ጉዳይ በየክፍሉ ቢበተን ኖሮ አንድ ሙሉ ሰዓት ይተርፍ ነበር።

የመጨረሻው ክፍል አፖሎ 17ን በ1902 ፓሪስ አቅራቢያ ከተሠራው ከጆርጅ ሜሊየስ የጨረቃ ፊልም ጋር እያፈራረቀ ያሳያል። ሃንክስ እዚያ የሜሊየስ ረዳት ሆኖ ይታያል። አንዳንዱ በጣም ይወደዋል። ለእኔ ትንሽ ጣፈጠብኝ፤ አስራ አንድ ክፍል በብሎንና በኪሎ ከተናገሩ በኋላ በድንገት ሕልም ሆነ።

ከዚያ በኋላ

ድራማው በ1998 የምርጥ አጭር ተከታታይ ድራማ ኤሚን፣ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማትን፣ ወሰደ። ዘዴው ግን ከሽልማቱ ይልቅ ረጅም መንገድ ሄደ። በ2001 ሃንክስ ከስቲቨን ስፒልበርግ ጋር ሆኖ ለዚያው ጣቢያ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ድራማ «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ»ን ሠራ። አሁንም መጨረሻው የታወቀ ታሪክ፣ አሁንም በየክፍሉ የሚከተሉትን ሰው መቀየር። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ግርሃም ዮስት ነበር፤ «ስፓይደር»ን ዳይሬክት ያደረገው ሰው።

አፖሎ 11 50ኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ በ2019፣ ኤች ቢ ኦ ድራማውን አጽድቶ እንደገና አወጣው። የ1998ቱ ምስሎች አርጅተው ስለነበር ጠፈር ላይ የሚታዩት መንኮራኩሮች በአዲስ የኮምፒውተር ምስል ተተኩ። ፊኛ የታሰረባቸው ተዋናዮች ግን ባሉበት ናቸው።

ለማየት ያሰበ ሰው ከአንደኛው አይጀምር። አምስተኛውን ይይ፣ ከዚያ ሰባተኛውን፣ ከዚያ አስረኛውን። ስምንተኛውን ግን ሲቦርን የሚታይባቸውን ሌሎች ክፍሎች ሳያዩ እንዳትነኩት፤ ጥቅሙ ይጠፋል።